የኵላሊት ድካም ምክንያት በየአገሩ፤ ስለ ማነጻጸሪያው መንገድ የቀረበ ሒስ

የኵላሊት ድካም ምክንያት በየአገሩ ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ የምናነበው አንድ ዓይነት ዝርዝር ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ የስኳር በሽታ፥ ቀጥሎ የደም ብዛት የሚል ነው። ይህ ተራ ለአሜሪካ እውነት ነው። በጃፓንም ቀድሞ አንደኛ የነበረው የኵላሊት ማጣሪያ መቈጣት ሲሆን፥ የስኳር በሽታ ስፍራውን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እኛ የምንነቅፈው ዝርዝሩን ሳይሆን ሳይመረመር ወደ አገራችን መገልበጡን ነው።

በመጀመሪያ፥ እነዚህ ቍጥሮች በአብዛኛው የሚሰበሰቡት የኵላሊት እጥበት ከጀመሩ ሕሙማን መዝገብ ነው። እጥበቱም እንደ ደንቡ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይደረጋል። የመዘዞ ገበሬ እርሻውን ትቶ በየሳምንቱ ሦስት ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ለመመላለስ እንዴት ይችላል? ከሕክምናው የቀረ ሰው ከመዝገቡም ይቀራል። ስለዚህ መዝገቡ የሚያሳየን የሕዝቡን በሽታ ሳይሆን ከመሣሪያው ለመድረስ የቻለውን ሰው በሽታ ነው።

ሁለተኛ፥ የደም ብዛት ኵላሊትን ይጐዳል፤ የተጐዳ ኵላሊትም ራሱ የደም ብዛትን ያመጣል። ሕመምተኛው ዘግይቶ ሲደርስ የትኛው እንደ ቀደመ በዚያ ቀን ልኬት ብቻ አይታወቅም። እንዲህ ሳለ «ምክንያቱ የደም ብዛት ነው» ተብሎ ቢጻፍ ውጤቱ ምክንያት ሆኖ ይቈጠራል።

ሦስተኛ፥ በወባ፥ በብርቱ ተቅማጥ ወይም በወሊድ ጊዜ በሚፈስ ደም የተነሣ ኵላሊቱ በድንገት ሥራውን ያቆመ ሰው ብዙ ጊዜ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይድናል ወይም ይሞታል፤ ከዚህ ዓይነቱ ዝርዝር ውስጥም አይገባም።

ምክንያትን ከስፍራው መፈለግ ምን እንደሚጠቅም የቡልጋሪያ ታሪክ ያስረዳል። በዳኑብ ገባር ወንዞች አጠገብ ባሉ የገጠር መንደሮች ኵላሊትን የሚያደክም በሽታ መኖሩን የአገሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1956 ጻፉ። በዚያው በባልካን አገሮች ምርመራው ሲቀጥል፥ ከስንዴ ጋራ የሚታጨድ የአንድ አረም ፍሬ ዱቄቱን እንደሚመርዘው የሚያመለክት ብርቱ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። እርሻውና እንጀራው ባይመረመሩ ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር። በኤል ሳልቫዶርም ቈላ የስኳር በሽታም የደም ብዛትም የሌለባቸው የሸንኮራ አገዳ ቈራጮች ኵላሊታቸው ሲደክም ተገኝቷል፤ የፀሐይ ሙቀትና የውሃ ጥም ከምክንያቶቹ መካከል ተጠርጥረዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ኵላሊት ግን ሕመሙን የሚደብቀው ራሱ ነው፤ አብዛኛው ኀይሉ እስኪጠፋ ድረስ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው ወደ ከተማ እስኪመጣ መጠበቅ አይበቃም። በመዘዞና በመሰሏት ስፍራዎች ሽንትን በመመርመሪያ ወረቀት ማየት፥ የደም ግፊትንና ስኳርን መለካት፥ ሰውየው የሚጠጣውን ውሃና የወሰደውን መድኃኒት መጠየቅ ይቻላል። አገራችንን ከሌሎች ጋራ ማነጻጸር የሚገባን ይህን ከፈጸምን በኋላ ነው።