«ተነሥቷል ግን አያስገባም»፦ ስለ ሊኑክስ ብልሽት ፍለጋ ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በኮምፒዩተር ጥገና ሠልጣኞች መካከል የሚዘዋወር አንድ ትርጉም መምሪያ በእጃችን ገብቷል። መምሪያው የሊኑክስ ሥርዓት ሥዕላዊ ገጽታው አልመጣ ባለ ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት ያስረዳል። የአዘጋጁን ስም መጥቀስ ለጉዳያችን አይረዳም፤ ድካሙንም አንንቅም። ነገር ግን በስያሜ ረገድ የታዩት ግድፈቶች ጉዳታቸው ከቃል የሚያልፍ ስለ ሆነ ልንመረምራቸው ወደናል።

ዋናው ነቀፌታችን «ማስጀመር» በሚለው ቃል ላይ ነው። መምሪያው የከርነሉን መጫን፣ የመግቢያውን ገጽ መታየትና ከይለፍ ቃል በኋላ የዴስክቶፑን መምጣት በዚህ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ ሥርዓቱ ካልጀመረም እንደ መጨረሻ መፍትሔ ዲስኩ ፎርማት እንዲደረግ ይመክራል። የትኛው ነው ያልጀመረው? ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን በትክክል ጽፎ ሳለ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ያው የመግቢያ ገጽ ተመልሶ የሚመጣበት ብልሽት በሊኑክስ ዘንድ የታወቀ ነው። በዚህ ጊዜ ሥርዓቱ ተነሥቷል፤ ያልተከፈተው የተጠቃሚው ዴስክቶፕ ብቻ ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ዲስኩ ሞልቶ ጊዜያዊ ፋይል የሚጻፍበት ቦታ ጠፍቷል፤ ወይም «ኤክስኦቶሪቲ» የተባለው ፋይል ባለቤትነት ከተጠቃሚው ወደ ሩት ተዛውሯል። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 ቁልፎችን በአንድነት ተጭኖ ወደ ጽሑፋዊው ኮንሶል መሻገር፣ በ«ዲኤፍ» ትእዛዝም የዲስኩን ይዞታ ማየት አያስቸግርም። ሦስቱን ደረጃዎች በአንድ ቃል ያነበበ ሠልጣኝ ግን ዲስኩን ፎርማት አድርጎ የደንበኛውን የዓመታት ሰነድ ይደመስሳል።

የጥገና ሱቆቹ አማርኛ ከመምሪያው ይሻላል። ባለሙያው «ተነሥቷል ግን አያስገባም» ሲል ሁለቱን ደረጃዎች ሳይቸገር ለይቷል። «መነሣት» ከመኪና ሞተር የመጣ አነጋገር ነው፤ ሞተር ይነሣል እንጂ አይጀምርም። ስለዚህ ለከርነሉ «መነሣት»፣ ለይለፍ ቃሉ «መግባት»፣ ለዴስክቶፑ «መከፈት» ተለይተው ቢሠራባቸው እንመርጣለን።

የመግቢያውን ገጽ የሚያስተናግደውን ዲስፕሌይ ማኔጀር መምሪያው «የማሳያ ሥራ አስኪያጅ» ብሎታል። ፕሮግራሙ የሚሠራው ግን እንግዳውን በር ላይ ተቀብሎ፣ ማንነቱን አረጋግጦ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ለዚህ አማርኛ ከጥንት ጀምሮ «አጋፋሪ» የሚል ቃል አለው። ቃሉ ለሊኑክስም እንግዳ አይደለም፤ ለኮንሶል ከተዘጋጁት የኢትዮጵያ ፊደል ቅርጾች አንዱ «አጋፋሪ»፣ ሌላው «ጎሐ» ይባላሉ።

«ክፍለ ጊዜ» የሚለው አቻ ደግሞ ከትምህርት ቤት ደወል ጋር የተቈራኘ ነው፤ ክፍለ ጊዜው አልተከፈተም የሚል መልእክት ያነበበ ሰው መምህር የቀረ ይመስለዋል። ከመግባት እስከ መውጣት ላለው ጊዜ «ቆይታ» ይበቃል። «የግራፊክስ ነጂ» የተባለውም ድራይቨር እንደ ተለመደው በውሰት ቢቀር ይሻላል። ታክሲ በሚተራመስበት በሜክሲኮ «ነጂው ተበላሽቷል» ማለት ምን እንደሚያሰማ አንባቢ ይፍረድ።

«ስሕተት» ግን በዋዛ አይታለፍም። በአማርኛ የሚሳሳት ሰው ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው «ስሕተት» ሲል ተጠቃሚው ራሱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ አፍሮም ሳይጠይቅ ይቀራል። ለመሣሪያ «እክል» ይስማማዋል።

በመጨረሻም መምሪያው የኮንሶሉ መልእክቶች በአማርኛ እንዲሆኑ ይመክራል። ሐሳቡን እንወደዋለን፤ ሆኖም ለሥዕላዊው ገጽታ የተዘጋጀው ፊደል በኮንሶሉ ላይ አይሠራም። የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ከ512 የሚበልጡ ቅርጾችን አይዝም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ 345 ምልክቶች ስለ ነበሩት ከላቲኑ ጋር አብሮ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ጎሐን ወይም አጋፋሪን የመሰለ ቅርጽ አስቀድሞ ካልተጫነ ፊደሉ አይታይም። ዴስክቶፑ እንቢ ባለበት ሰዓት ሠልጣኙ የሚያነበው ምንም አይኖረውም። መምሪያው እንደገና ሲታተም ይህ የመጫን ሥራ ከትርጉሙ ምክር በፊት፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊገባ ይገባል።