«ባሕሩ ብቻ»፤ የላምፔዱዛ ሰውና የባሕር እንግዳ

ይህን አስተያየት የምጽፈው ተወልጄ ባደግሁበት በራጉኤል ሰፈር ተቀምጬ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር እስከ አውቶቡስ ተራ ያለው መንገድ እግረኛን አያደክምም። በልጅነታችን ከቅዳሴ ስንመለስ አንድ ወጣት ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥሎ ወደ ጎንደር አውቶቡስ ሲጣደፍ ያየን እንደ ሆነ «ዘመድ ሊጠይቅ ወደ አገሩ መሄዱ ነው» እንል ነበር። ካደግን በኋላ ግን ከነዚያ መንገደኞች አንዳንዱ ወደ አገሩ የሚገባ ሳይሆን በመተማ በኩል ከአገሩ የሚወጣ መሆኑን ተረዳን። አብሮኝ የተማረ አንድ ጓደኛዬም ከነዚሁ አንዱ ሆነ። የመሳፈሪያውን ገንዘብ ያበደርሁት እኔ ነኝ። ከትሪፖሊ አንድ ጊዜ ደወለልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። እንግዲህ ስለ አቶ ዳግማዊ ይመር ፊልም የምሰጠው ፍርድ ከዚህ ነገር ፈጽሞ የነጻ ነው ብዬ አንባቢን ላታልል አልፈልግም።

አቶ ዳግማዊ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፥ ሕግም ይማሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በተነሣው ብጥብጥ ብዙ ወጣቶች ሲሞቱና ሲታሰሩ እርሳቸው ከአገር ወጡ። ሱዳንን፥ የሊቢያን በረሓ፥ በመጨረሻም የሜዲትራኒያንን ባሕር ተሻግረው ሐምሌ 23 ቀን 1998 ዓ.ም. ላምፔዱዛ ከምትባለው የኢጣሊያ ደሴት ደረሱ። የዚህች ደሴት ስፋት 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፥ ነዋሪዋም 6,000 ያህል ነው። በመንግሥት የኢጣሊያ ትሁን እንጂ ከሲሲሊያ ይልቅ ለቱኒዚያ ትቀርባለች። ስለዚህ በባሕር መካከል የተቀመጠች የጠረፍ ከተማ ብንላት ስሕተት አይሆንም። እንግዳው ግን ጠረፉን እንጂ ከተማዋን አያያትም፤ ከጀልባ ወርዶ ወደ መጠለያ፥ ከመጠለያውም ወደ ሌላ ስፍራ ይወሰዳልና። ነዋሪውም ቢሆን እንግዳውን የሚያየው በአጥር ማዶ፥ ወይም በመኪና ሲያልፍ ነው። ሁለቱ በአንዲት ትንሽ መሬት ላይ ቆመው ሳይተዋወቁ ይለያያሉ።

አቶ ዳግማዊ ሮም ከገቡ በኋላ ኢጣልያንኛ ተማሩ፤ ካሜራ መያዝንም ለመዱ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ከአንድሬያ ሴግሬና ከሪካርዶ ቢያዴኔ ጋር ሆነው «እንደ ሰው በምድር ላይ» የተባለውን ፊልም አወጡ። ያ ፊልም በሊቢያ እስር ቤቶች ያለፉ ሰዎች የመከራቸውን ቃል የሰጡበት ነው። በዚያው ዓመት ኢጣሊያና ሊቢያ በቤንጋዚ ውል ተፈራረሙ፤ የውሉም ስም «የወዳጅነት» የሚል ነበር። በ2009 የኢጣሊያ መርከቦች በባሕር ላይ ያገኟቸውን ስደተኞች ወደ ሊቢያ መመለስ ጀመሩ፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2012 ይህን አድራጎት ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ። ወዳጅነት የሚለው ቃል በመንግሥታት አፍ ምን ያህል ሊጠብ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። የዛሬው ጽሑፌ ርእስ የሆነው «ባሕሩ ብቻ» ደግሞ ይኸው ቃል በተራ ሰዎች አፍ ምን እንደሚሆን የሚመረምር ፊልም ነው። አቶ ዳግማዊ ይህን ያዘጋጁት ከጁልዮ ቼዴርና እና ከፋብሪትስዮ ባራኮ ጋር በ2011 ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። በስደተኛነት ያለፉባትን ደሴት አቶ ዳግማዊ ነጻ ሰው ሆነው፥ ካሜራ ይዘው ተመልሰው ይጎበኟታል። የመጡበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛው ለማመስገን፥ ሁለተኛው ያን ጊዜ በወጉ ያላዩትን አገርና ሰው ለማየት። የፊልሙም ብርታት ከዚህ ላይ ይገኛል። እስከ ዛሬ ባየናቸው የዚህ ዓይነት ሥራዎች ሁሉ ጠያቂው የአገሩ ሰው፥ ተጠያቂው ስደተኛው ነው፤ «ከየት መጣህ? ስንት ከፈልህ? ስንት ሰው ሞተ?» እየተባለ ቁስሉን ይገልጣል። እዚህ ግን ጥያቄው ተገልብጧል። ስደተኛ የነበረው ሰው የደሴቱን ነዋሪ «እናንተስ እንዴት ትኖራላችሁ?» ሲል ይጠይቃል።

የሚመጣው መልስ የተመልካቹን ግምት ያፈርሳል። የላምፔዱዛ ሰው መንግሥቱ የረሳው ሰው ነው። ሴት ልጅ ምጥ ሲቀርብባት የምትወልድበት ሆስፒታል ስለሌላት ባሕር ተሻግራ ትሄዳለች። ጋዜጠኛ ወደ ደሴቲቱ የሚጎርፈው ጀልባ የመጣ እንደ ሆነ ነው፤ ጀልባው ሲቀር እርሱም ይቀራል። ነዋሪው በእንግዳው ላይ የሚያጉረመርምበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም ምሬቱን አጥብቆ የመረመረ ሰው ዒላማው ሩቅ ከተማ የተቀመጠ ባለ ሥልጣን መሆኑን ያገኘዋል። (እኔም በመንግሥት ቤት የምሠራ ሰው ስለ ሆንሁ ይህን ክፍል ያየሁት አንገቴን ደፍቼ ነው።) እንግዲህ ሁለቱን የሚያቀራርባቸው ነገር ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ሁለቱም ስለ እነርሱ ብዙ የሚወራላቸው፥ እነርሱን ግን ማንም የማያነጋግራቸው ሰዎች መሆናቸው ነው።

በዚያው በ2011 ኤማኑዌሌ ክሪያሌዜ የተባለው ኢጣሊያዊ አዘጋጅ «ቴራፈርማ»፥ በእኛ ቋንቋ «የብስ» ልንለው የምንችለውን ልብ ወለድ ፊልም አውጥቶ በቬኒስ ልዩ ሽልማት ተቀብሏል። በዚያ ታሪክ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በባሕር ላይ ያገኛቸውን ሰዎች ያድናል፤ ከነዚያም አንዲት ነፍሰ ጡር ከልጇ ጋር በቤቱ ትሸሸጋለች። ጀልባው በመንግሥት ይያዝበታል። የሽማግሌው ምራት ጁሌታ መጀመሪያ እንግዳይቱን ከቤት ለማስወጣት ትቸኩላለች፤ ልጇን ካዋለደቻት በኋላ ግን እየዋለ እያደረ ልቧ ይለዝባል። ይህ ክፍል የክሪያሌዜን ብልኀት ያሳያል፤ ወዳጅነቱ በአንድ ጊዜ አልበራም፥ ጭቅጭቅና ፍርሃት አለበት። ታሪኩን ፈጠራ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር፥ በ2007 ሰባት የቱኒዚያ ዓሣ አጥማጆች 44 ሰዎች ከባሕር አድነው ላምፔዱዛ በማድረሳቸው ታስረው ለፍርድ እንደ ቀረቡ ያስታውስ። ይሁን እንጂ በ«ቴራፈርማ» እንግዳይቱ ጥቂት ትናገራለች እንጂ ታሪኩን የምታስኬደው እርሷ አይደለችም። ኅሊናው የሚፈተነው የደሴቱ ሰው ነው፤ እርሷ ፈተናው ናት።

ከአምስት ዓመት በኋላ ጃንፍራንኮ ሮዚ በላምፔዱዛ የቀረጸው «ባሕር ላይ እሳት» በበርሊን የወርቅ ድብ አገኘ። ሥዕሉ እጅግ ያማረ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ወንጭፍ የሚጫወተው የደሴቱ ልጅና በመርከብ የሚመጡት ሰዎች ፊልሙ እስኪያልቅ አንድ ጊዜ እንኳ አይገናኙም፤ ሁለቱንም የሚያይ ሐኪሙ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ቈጥረውበታል። በእኔ አስተያየት ሮዚ ያየውን እውነት ነው የነገረን፤ በዚያን ጊዜ እንግዳው በባሕር ላይ እየተያዘ በቀጥታ ወደ መጠለያ ስለሚገባ መገናኛ አልነበረም። ሆኖም አቶ ዳግማዊ ያን መለያየት ከአምስት ዓመት በፊት በእግራቸው ሄደው አፍርሰውት ስለ ነበር፥ የሮዚን ፊልም ሳይ የጎደለውን ነገር በውል አውቄዋለሁ።

የ«ባሕሩ ብቻ»ን እንከን ደግሞ ልሸሽግ አይገባኝም። አቶ ዳግማዊ ለማመስገን የመጡ ሰው በመሆናቸው ጨዋነታቸው አንዳንድ ጊዜ ምላሳቸውን ያስረዋል። እንግዳ ባለቤቱን ፊት ለፊት አይወቅስምና፥ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ሳይጠየቅ የሚያልፍበት ቦታ አለ። ከዚህም በላይ ፊልሙ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ቶሎ ቶሎ ይሻገራል። ከአንድ ነዋሪ ጋር ረጅም ጊዜ ቢቀመጡ ኖሮ ወዳጅነቱ ከደሴቲቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአንድ ሰው ጋር ሲበቅል ባየን ነበር። ክሪያሌዜ በዚህ በኩል ይበልጣቸዋል።

በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይል ነበር፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፥ ያለውን አጉርሶ ያሳድረዋል እንጂ መታወቂያ አይጠይቀውም። ይህን የምጠቅሰው ለመመካት አይደለም። እኔ የምኖርባት መርካቶ ስሟ ራሱ ኢጣልያንኛ ነው፤ ኢጣሊያ አገራችንን በያዘችበት ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደዚህ ሲዛወር የቀረ ነው። ዛሬ ከየአውራጃው መጥቶ በዚህ ገበያ ሸክም የሚሸከመውን ወጣት እግር ያጠብንበትን ቀን ግን አላስታውስም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፥ ወጣቶቻችን ይወጡባት በነበረችው በመተማ በኩል ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ እኛ ገቡ። ትናንት ላኪ የነበረችው የጠረፍ ከተማ ተቀባይ ሆነች። የመተማን ባለ ሻይ ቤትና የካርቱምን ስደተኛ አነጋግሮ፥ ሁለቱንም እኩል አድርጎ የሚያሳየን ፊልም ምን ያህል ባስፈለገን!

ፊልሙን ካየሁ በኋላ ኮምፒዩተሬን ይዤ ወደ ጓደኛዬ እናት ቤት ሄድሁ። ኢጣልያንኛውን ስለማያውቁ የገባኝን ያህል እያቆምሁ ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዩ። ከዚያም «እነዚህ ሰዎች ባሕር የጣለውን ወዴት ይቀብሩታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። በደሴቲቱ መካነ መቃብር ስማቸው ያልታወቀ እንግዶች መቃብር እንዳለ፥ በመስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. በደሴቲቱ አጠገብ ከሰጠሙት 368 ሰዎችም ብዙዎቹ በሲሲሊያ ልዩ ልዩ ስፍራዎች በቁጥር እንደ ተቀበሩ ነገርኋቸው። «ስሙን ቢጽፉለት ምን ነበረበት» አሉ። አቶ ዳግማዊ ስለ እነዚያ ሙታን «አስማት» የተባለ አጭር ፊልም በ2015 (በፈረንጆች) ሠርተዋል፤ በግእዝ ስሞች ማለት ነው። በዚያ ፊልም የሞቱት ስማቸው ከነትርጓሜው አንድ በአንድ ይጠራል። ላመጣላቸው ቃል ገብቼ ወጣሁ፤ ገና አልወሰድሁላቸውም።