ዝም ያለው ማን ነው? የኤንዶ «ዝምታ» ከጣና ዳር ሲነበብ

እ.ኤ.አ. በ1633 ናጋሳኪ ውስጥ አንድ ፖርቹጋላዊ ቄስ ጉድጓድ ውስጥ ቁልቁል ተሰቅሎ ሰዓታት ከቆየ በኋላ ሃይማኖቱን ካደ። ክሪስቶቫው ፌሬራ ይባላል፤ በጃፓን ከነበሩት የጀስዊት ማኅበር አለቆች አንዱ ነበር። በዚያው ሰሞን እዚህ እኛ ጋ ዐፄ ፋሲል የዚያኑ ማኅበር ቄሶች ከቤተ መንግሥቱ ደጅ እያስነሱ ወደ ባሕሩ ይገፏቸው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለበለዚያ ናጋሳኪና ጣና አይገጣጠሙልንም።) ማኅበሩ አንድ፣ ሥልጠናው አንድ፣ ሁለት አገሮች ግን በአንድ ዘመን በራቸውን ዘጉበት።

ስለ ጃፓኑ በር መዘጋት ካነበብኩት ሁሉ የሹሳኩ ኤንዶን «ዝምታ» የሚያህል አላገኘሁም። በ1966 ታተመ። በ2016 ደሞ ማርቲን ስኮርሴዚ ፊልም አደረገው፤ ብዙዎቻችን የተዋወቅነውም በፊልሙ በኩል ነው። ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሮድሪጌዝና ጋርፔ የሚባሉ ሁለት ወጣት ቄሶች መምህራቸው ፌሬራ ካደ ሲባል ሰምተው አላምን ይላሉ፣ ክርስትና ወደተከለከለበት ጃፓንም በድብቅ ይገባሉ። ገበሬዎች ይደብቋቸዋል። ገበሬዎቹ በእነሱ የተነሳ ይሞታሉ። ጋርፔ ሰሌን ተጠቅልለው ባሕር የሚጣሉትን ክርስቲያኖች ተከትሎ ሲዋኝ ይሰጥማል። ሮድሪጌዝ ይያዛል፣ በመጨረሻም ፉሚኤውን፣ ማለትም የክርስቶስ ምስል የተቀረጸበትን ሰሌዳ፣ ይረግጣል።

የመጽሐፉ ልብ አንዲት ሌሊት ናት። ሮድሪጌዝ ጨለማ ክፍል ውስጥ ታስሮ የሆነ ሰው ሲያንኮራፋ ይሰማል። እኔ ነገ ልሞት ነው፣ ይሄ ጠባቂ እንዴት እንዲህ ይተኛል ብሎ ይናደዳል፤ ያስቀዋልም። ከዚያ ፌሬራ መጥቶ ይነግረዋል፦ የምትሰማው ማንኮራፋት አይደለም፣ ጉድጓድ ውስጥ የተሰቀሉ ገበሬዎች ሲያቃስቱ ነው። እነሱ ከካዱ ቆይተዋል። የሚወርዱት አንተ ስትክድ ነው። ኤንዶ እዚህ ጋ የሠራው ነገር ያስፈራል፤ ቄሱ ለእግዚአብሔር ዝምታ መልስ ሲለምን ያደረበት ሌሊት በሰው ድምፅ የተሞላ ነበር። ጆሮው ግን ድምፁን እንደ እንቅልፍ ነው የተረጎመው።

ደራሲው ይሄን ያህል ካየ ምን ቀረው ትሉኝ ይሆናል። የቀረው ይሄ ነው፦ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም መጽሐፉ አይነግረንም። ለሮድሪጌዝ ውሳኔ ያስፈልጋሉ፣ ከውሳኔው በኋላ ደግሞ ከገጹ ይጠፋሉ። ከጉድጓዱ ወጥተው ምን አሉ? ቄሱ ለእኛ ሲል ረገጠ ሲባሉ ደስ አላቸው ወይስ አዘኑ? መጽሐፉ ወደዚያ አይዞርም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ገበሬዎቹ ሙሉ በሙሉ ዝም አላሉም። ሞኪቺ ባሕር ዳር ከእንጨት ጋር ታስሮ ማዕበሉ እየመጣ ሲሸፍነው ይዘምራል። ሞኒካ የምትባል ሴት ደግሞ እስር ቤት ውስጥ ለሮድሪጌዝ ስለ መንግሥተ ሰማያት ታወራለች፤ እዚያ ግብር የለም፣ ረሃብ የለም፣ ከባድ ሥራ የለም ብላ ነው የምታምነው። ሮድሪጌዝ፣ ገነት እንደዚያ አይደለም ሊላት ያስብና ይተወዋል። ይቺን ቦታ ሁለት ሦስቴ ተመልሼ አንብቤያታለሁ። ቄሱ የሚያዝንላት እንደ ሕፃን ነው። እኔ ግን እሷ ከእሱ የበለጠ ነገሩ የገባት ይመስለኛል። የምትኖረው ግብር ሰብሳቢ የሩዙን ክምር አራግፎ በሚሄድበት መንደር ነው። ከአውሮፓ የመጣው ስብከት እሷ ጋ ሲደርስ ሥጋ የለበሰው በዚህ መልክ ነው። ሚስዮናዊ የላከውና ሰሚ የተቀበለው ቃል አንድ ሆኖ አያውቅም፤ የሚያሳዝነው ልዩነቱ አይደለም፣ ልዩነቱን ሁሌ እንደ ጉድለት የሚቆጥረው የላኪው ወገን መሆኑ ነው።

ፌሬራ ይሄንኑ ልዩነት ይዞ ትልቅ ክስ ይመሠርታል። ጃፓን ረግረግ ናት፣ የተተከለው ችግኝ ሥሩ ይበሰብሳል ይላል። ጃፓኖቹ ያመለኩት የእኛን አምላክ አይደለም፣ በራሳቸው መልክ የቀየሩትን ነው ይላል። ከሜዳ የመጣ ክስ አይደለም፤ በ1549 ካጎሺማ የገባው ፍራንሲስ ዣቪየር መጀመሪያ ላይ እግዚአብሔርን «ዳይኒቺ» በሚል የቡድሂስቶች ስም ሰብኮ፣ ኋላ ስሕተቱ ሲገባው «ዴኡስ» ወደሚለው ላቲን ቃል መመለሱ የታወቀ ነው። ኤንዶም ይሄን ክስ በፌሬራ አፍ ያስቀመጠው ለጨዋታ አልነበረም። ልጅ ሆኖ በእናቱ ምክንያት የተጠመቀ ሰው ነው፤ ካቶሊክነቱንም እናቱ ካለበሰችው፣ በልኩ ካልተሰፋ የምዕራብ ሱፍ ጋር ያመሳስለው ነበር። ረግረጉ የራሱ ሰውነት ነው።

ግን ታሪክ ለፌሬራ የሰጠው መልስ አለ። በ1865 ናጋሳኪ ኦውራ ውስጥ አዲስ በተሠራ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተወሰኑ የኡራካሚ ገበሬዎች መጥተው ቆሙ። ለፈረንሳዊው ቄስ ለፐቲዣን በሹክሹክታ እምነታችን አንድ ነው አሉት፣ የማርያም ምስል የት እንዳለም ጠየቁት። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቄስ አላዩም። በመካከላቸው ራሳቸው ሲያጠምቁ፣ ጸሎቱን ቃል በቃል እየተቀባበሉ፣ የላቲኑን ድምፅ እያጣመሙ ኖረዋል። ረግረግ ውስጥ ሥሩ የበሰበሰ ነገር ይሄን ያህል አይቆይም። ይበልጥ የሚገርመኝ ደግሞ ከእነዚህ ስውር ክርስቲያኖች ከፊሎቹ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንመለስም ማለታቸው ነው። የአባቶቻችን እምነት ይሄ ራሱ ነው ብለው ለብቻቸው ቀሩ። በአንድ በኩል ፌሬራ ተሸነፈ። በሌላ በኩል ግን ልክ ነበር፤ የራሳቸው አድርገውታል። እሱ ሽንፈት ያለውን እነሱ ርስት አሉት።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ «ዝምታ»ን ሲያነብ አንድ የማይመች ነገር ያጋጥመዋል፦ ልቡ በከፊል ከባለሥልጣኑ ከኢኖዌ ጋር ነው። ኢኖዌ ፈገግ ይላል፣ በማራገቢያው ይጫወታል፣ ምሳሌ ይናገራል። አራት ዕቁባቶች የነበሩት መስፍን ጭቅጭቃቸው ሲያሰለቸው አራቱንም አባረረ ይላል፤ ዕቁባቶቹ እስፓኝ፣ ፖርቹጋል፣ ሆላንድና እንግሊዝ ናቸው። እኛ ይሄን ወሬ በሌላ ቃል ስንሰማው ነው ያደግነው። የፋሲል በር መዝጋት የነገሩን እንደ ጥበብ ነው። ኢኖዌ ግን ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ እኛም ጋ በ1638 ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ጎንደር ላይ ተሰቅለው ተገድለዋል። ይሄን ብዙ ጊዜ አናነሳውም።

ልዩነቱ እርግጥ ትልቅ ነው። ጃፓን ክርስቶስን ሰምታ የማታውቅ አገር ነበረች፤ እኛ ጋ የመጡት ግን ከአሥራ ሁለት ምዕት በላይ ሲቀድስ ወደኖረ ሕዝብ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ ይሄ ገብቶት ነበር መሰለኝ። ግእዙንም አማርኛውንም ተማረ፣ ታግሦም ከንጉሥ ጋር ተቀምጦ አወራ፣ በ1622 ሞተ። ከእሱ በኋላ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ላጥምቅ፣ ካህኑን እንደገና ልሹም፣ ቀን መቁጠሪያውን ልቀይር አለ። ክርስቲያን ለሆነ ሰው፣ ገና አልተጠመቅህም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አያትህ፣ እናትህ፣ የቀበርካቸው ሁሉ ከንቱ ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነት ያስደንቃል?

እዚህ ጋ ነው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ የሚገባው። ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ በ1672፣ እሷ ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በግእዝ ጻፈው። ወለተ ጴጥሮስ የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ የመልክዐ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። ባሏ ከአዲሱ እምነት ጋር ሲቆም ትታው ወጣች፣ መነኮሰች፣ በየመንደሩ እየዞረች አትቀበሉ አለች። ንጉሡ አስይዘው የፈረንጆቹን መምህራን አመጡባት፤ ተከራከረቻቸው። አልበገር ስትል ወደ ዠበይ ተጋዘች። ተመልሳ በጣና ዙሪያ ማኅበረሰብ መሠረተች፤ ከጎኗ ያልተለየችው ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስም አለች። ገድሉ ተአምር የሞላበት ነው፣ ግን ምግብ፣ በሽታ፣ መነኮሳይያት መካከል ጠብ፣ ጀልባ፣ የእግር ጉዞም አለበት። በ2015 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ የውጭ አንባቢ ጉድ አለ፤ እኛ ጋ ግን ወጣቱ ከስሟ አልፎ ያውቃታል ለማለት ይቸግረኛል።

«ዝምታ»ን ካነበባችሁ በኋላ ይሄን ብታነቡ ወንበሩ ሁሉ ቦታ የተቀያየረ ይመስላችኋል። ሮድሪጌዝ መሐል የተቀመጠበት ቦታ ላይ ወለተ ጴጥሮስ አለች። የውጭዎቹ ቄሶች ጥግ ላይ ናቸው፣ መጥተው ይለፈልፋሉ፣ ይሸነፋሉ፣ ይሄዳሉ። ኤንዶ ሞኒካን ሊያስወራት ቢሞክር ከሁለት ገጽ አላለፈም፤ ገላውዴዎስ ግን እንቢ ባይዋን መጽሐፍ ሙሉ አስወራ። ለሚስዮናዊ ታሪክ ብርቅ ነገር ነው። በአብዛኛው ዓለም የምናገኘው የላኪውን ደብዳቤና ማስታወሻ ነው፤ የ«ዝምታ» የመጀመሪያ ምዕራፎችም የሮድሪጌዝ ደብዳቤዎች መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም።

ነገር ግን ገድሉም የራሱ ደንቆሮ ጆሮ አለው። ለገላውዴዎስ ፈረንጅ ኅሊና የለውም። ከዚህ የባሰው ደሞ አምኖ ካቶሊክ የሆነ ኢትዮጵያዊም የለውም፤ ወይ ፈሪ ነው ወይ የተታለለ። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ግን ካቶሊክነቱ ሹመት በሚያስገኝበት ቀን ብቻ ሳይሆን ግዞት በሚያስገኝበትም ቀን ይዞት ቆይቷል። ለዚህ ሰው በገድሉ ውስጥ ቦታ የለም።

ለሱስንዮስ ራሳቸው እንኳ የለም። እኔ ደሞ በዚህ ሁሉ ውስጥ ለሮድሪጌዝ የሚቀርበው ሰው እሳቸው ይመስሉኛል። በ1632 ከአንድ ከባድ ውጊያ በኋላ በሜዳው የወደቁትን እንዲያዩ ተደረገ፤ እነዚህ አረመኔ አይደሉም፣ የራስዎ ሰዎች ናቸው ተባሉ ተብሎ ይተረካል። ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፣ ዘውዱን ለልጃቸው ሰጡ፣ በዚያው ዓመት ሞቱ። እሳቸው ግን የሞቱት ካቶሊክ ሆነው ነው። አደባባይ ላይ የረገጡትን ጓዳ ውስጥ አልጣሉትም። እርግጥ ሮድሪጌዝ ሰው አላስገደለም፤ የሱስንዮስ ሬሳዎች ግን በራሳቸው ትእዛዝ የወደቁ ናቸው። ታሪኩን ከባድ የሚያደርገውም ይሄው ነው። ቴዎድሮስን በቴአትርም በልብ ወለድም ጠግበነዋል፤ የዚያችን የ1632 ሌሊት የሚጽፍልን ሰው ግን እጠብቃለሁ።

ይሄን ሁሉ የማነሳው ታሪክ ስለወደድኩ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከእኛ አብያተ ክርስቲያናት ወደ እስያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወንጌል ይዘው የሚሄዱ ልጆች አሉ፣ የእኔና የእናንተ እኩዮች። ሽኝታቸው ላይ የሚነገረው ስለሚሄደው ሰው ነው፦ ጥሪው፣ መሥዋዕቱ፣ እንባው። «ዝምታ» ከእነዚህ ልጆች ለአንዱ ቢሰጥ ደስ ይለኛል፣ ግን ብቻውን አይደለም። ገድሉንም አብሮ ይያዝ። የተቀባዩ ቤት ቀድሞ የሞላ ሊሆን እንደሚችል ከወለተ ጴጥሮስ በላይ የሚነግረው የለም፤ እሷ ደሞ የራሱ አገር ሰው ናት።

ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ (ያላያችሁ እዚህ ጋ አቁሙ)። ስኮርሴዚ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ምስል ጨምሯል። ሮድሪጌዝ የጃፓን ስም ተሰጥቶት፣ ሚስት ተሰጥታው፣ ለዓመታት እየተጠበቀ ኖሮ ይሞታል፤ በቡድሂስት ሥርዓት አስከሬኑ ሲቃጠል ካሜራው ወደ ውስጥ ይገባና መዳፉ ውስጥ ሞኪቺ የሠራትን ትንሽ መስቀል ያሳየናል። ብዙ ሰው ይቺን ምስል የሮድሪጌዝ እምነት ማረጋገጫ አድርጎ ነው የሚያያት። እኔ ግን ዓይኔ የሄደው ከዚያ በፊት ወዳለችው ሴት ነው፦ ሚስቱ። ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አስከሬኑ ጎንበስ ያለችው እሷ ናት፤ መስቀሏን ያስቀመጠችለትም እሷ መሆን አለባት። ታዲያ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ከስንት ዓመት ጀምሮ? አብረው ጸልየው ይሆን? ወይስ የእሱን ምሥጢር እንጂ የእሱን አምላክ አልተቀበለችም? ፊልሙ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ አልሰጣትም። እሳቱ ይነሳል፣ ስሞቹ በስክሪኑ መውረድ ይጀምራሉ።