ከወርቃማው ጣሪያ ሥር

የዱባይ ሜትሮ ጣቢያ በሩቅ ይታወቃል። በሼክ ዛይድ መንገድ ዳር ጀርባውን አጉብጦ የተቀመጠ ወርቃማ ቅርፊት ነው። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ይህንን ጣሪያ ነው። ጣሪያው ያምራል፤ ከጣቢያው ሥራ ሁሉ የላቀው እሱ ነው ቢሉኝ ግን አልስማማም።

ቅርፁ ሉል ከሚወጣበት ዛጎል የተወሰደ ነው። ዱባይ ነዳጅ ሳታገኝ በፊት ብዙ ነዋሪዋ የሚተዳደረው ጠላቂዎች ከባሕር በሚያወጡት ሉል ነበር። ያን ንግድ ከገደሉት ነገሮች አንዱ ጃፓኖች አርብተው ለዓለም ገበያ ያቀረቡት ሉል ነው። ታዲያ ጣቢያዎቹን የነደፈው ኤዳስ የተባለ የአርክቴክቶች ድርጅት ሲሆን፣ የግንባታውን ሥራ የያዙት የጃፓኖቹ ሚትሱቢሺ፣ ኦባያሺና ካጂማ ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ጋር ሆነው ነው። ባቡሮቹንም የሠራው ኪንኪ ሻርዮ የጃፓን ነው። የባሕረ ሰላጤውን ሉል ከገበያ ያስወጣች አገር ልጆች ለዛጎሉ መታሰቢያ አቆሙለት ማለት ነው። ታስቦበት የተደረገ አይመስለኝም፤ እኔን ግን ፈገግ ያሰኘኛል።

የሜትሮው ቀይ መስመር የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ9/9/2009፣ ከምሽቱ 9 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ላይ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜ 4 ቀን 2001፣ ምሽት 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ነውና ያ ሁሉ የዘጠኝ ድርድር ይበተናል። መጀመሪያ የተከፈቱት 10 ጣቢያዎች ብቻ ነበሩ። አረንጓዴው መስመር በሁለተኛ ዓመቱ በዚያው ቀን ተከተለ።

አሁን ወደ ሥራው። ሐዲዱን ከተሸከመው ድልድይ ሥር ቆሞ ሽቅብ ያየ ሰው፣ ኮንክሪቱ እዚያው አንድ ወጥ ሆኖ እንዳልተሞላ ያስተውላል። ሌላ ቦታ ተሠርተው የመጡ ቁራጮች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ በውስጣቸው በተወጠረ የብረት ገመድ ተጣብቀው ነው የቆሙት። መጋጠሚያዎቹ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ሆነው ይታያሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ ተቆርጦ ቢታይ እንደ ከብት ማጠጫ ገንዳ ነው፤ ባቡሩ በላዩ ሳይሆን በውስጡ ነው የሚሄደው። የገንዳው ግድግዳ ሸክም ይሸከማል፣ የመንኮራኩርና የሐዲድ ጫጫታ ያፍናል፣ አጥርም ሆኖ ያገለግላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሐዲዱ በታች ወፍራም አግዳሚ ተሸካሚ እንዳያስፈልግ ስላደረገ፣ ባቡሩም መሳፈሪያውም ዝቅ ብለዋል። ተሳፋሪው የሚወጣው ከፍታ በዚያው ልክ ቀንሷል። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ፎቶ አይነሳለትም።

ከዚያ ጣቢያው ሰውን የሚመራበት መንገድ አለ። ከአውራ ጎዳናው ወዲህና ወዲያ መግቢያ አለ፤ አሳንሰሩ፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃውና ተራው ደረጃ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። መንገዱን በላዩ የሚሻገረው ድልድይ በመስታወት የተዘጋና አየሩ የቀዘቀዘ ነው። በብዙዎቹ ጣቢያዎች ይህ ድልድይ በቀጥታ ከሐዲዱ ሥር ወዳለው አዳራሽ ያስገባል። የመክፈያው ኖል ካርድ የሚሞላው፣ በር የሚታለፈው እዚያ ነው። ከዚያ ላይ ያለው መሳፈሪያ ብቻ ነው፣ ወይ በቀኝ ወይ በግራ። የማያነብ ሰው እንኳ ለመሳሳት ይቸገራል። ዓይነ ስውር ደግሞ በእግሩ የሚዳስሰው መስመር ከመግቢያው ጀምሮ ወለሉ ላይ ተነጥፎለታል።

መሳፈሪያው ከሐዲዱ በመስታወት ግድግዳ ተለይቷል። ባቡሩ ሾፌር የለውም፤ ሆኖም በሮቹ ከመስታወቱ በሮች ጋር ልክ ለልክ ገጥመው ይቆማሉ። ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆነው የበጋ ሙቀት ቅዝቃዜው ከውስጥ የማያመልጠው በዚህ ነው። የእኛው ስታዲየም ጣቢያ፣ መስከረም 2008 ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ላይ፣ ክፍት ሆኖ ቢሠራ የአዲስ አበባ አየር ይፈቅድለታል። እዚህ ግን ያለ መስታወቱ ጣቢያው ምድጃ ነው።

ውስጡን ያስጌጡት በመሬት፣ በውሃ፣ በእሳትና በአየር ነው፤ በየጣቢያው ከአራቱ አንዱ በቀለሙ ይታያል። በአራቱ ባሕርያት ትምህርት ላደገ የእኛ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ክፍል ብዙም አልማረከኝም፤ ከማስታወቂያው ብዛት ቀለሙ ተውጧል።

ጉድለቱ ከበሩ ውጭ ይጀምራል። የቡርጅ ካሊፋ ጣቢያ ወደ ዱባይ ሞል የሚወስድ 820 ሜትር የቀዘቀዘ መተላለፊያ ተሠርቶለታል። በብዙዎቹ ግን ከደረጃው ከወረዳችሁ በኋላ ፀሐዩና ሰፊው መንገድ ይቀበሏችኋል፤ ጣቢያው አውራ ጎዳናውን ተከትሎ እንጂ መኖሪያ ሰፈሩን ተከትሎ አልተተከለም። ከሻርጃና ከአጅማን ለሚመጣው ሐበሻማ ርቀቱ የባሰ ነው። አረንጓዴው መስመር ብዙዎች አሁንም ኢቲሳላት በሚሉት ጣቢያ፣ የሻርጃ ድንበር ሳይደርስ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ነው፣ የሚጠበቀውም ሰልፍ ላይ ተቁሞ ነው።

አሁን እየተሠራ ያለው ሰማያዊ መስመር 30 ኪሎ ሜትርና 14 ጣቢያዎች ይኖሩታል። መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ሲሆን ይከፈታል የተባለው በ9/9/2029 ነው። ኢማር ፕሮፐርቲስ የሚባለው ጣቢያው 74 ሜትር ከፍታ እንደሚኖረው ተነግሯል። ሁሉም ጣቢያዎቹ ዱባይ ውስጥ ናቸው።