ስልክ ቁጥር ፓስወርድ አይሆንም

ዋይፋይ በምተክልባቸው ቤቶችና ካፌዎች ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «እስከ ጓዳ ይደርሳል ወይ?» ብሎ ነው። ፓስወርዱ ላይ ስንደርስ «ስልክ ቁጥሬን አድርገው፣ እንዳልረሳው» ይለኛል። ክርክራችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ደብልዩ ፒ ኤ 2 በሚባለው የዋይፋይ መቆለፊያ ከተዘጋ ራውተር ጋር ስልክ ሲገናኝ አራት አጫጭር መልእክቶች ይለዋወጣሉ። ፓስወርዱ ራሱ በአየር ላይ አያልፍም። ይሁንና መልእክቶቹን የቀዳ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ግምቱን እያመሳከረ መሞከር ይችላል፤ ራውተሩ ሙከራውን ስለማያይ አይከለክለውም። የሞባይል ቁጥራችን 10 አሃዝ ቢሆንም መነሻው 09 ወይም 07 መሆኑን የማያውቅ የለም። ቀሪዎቹ 8 አሃዞች ለእያንዳንዱ መነሻ 100 ሚሊዮን አማራጭ ይሰጣሉ። ጥሩ የጌም ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይህን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ቁጥሩ በሩ ላይ ተለጥፎ ከሆነማ ኮምፒውተርም አያስፈልግም።

ስለዚህ የምመክረው ርዝመት ነው፤ እስከ 63 ፊደል ይፈቀዳል። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ቢጻፉ አስተናጋጁም ለእንግዳ ለመንገር አይቸገርም።

ሴቲንጉ ራሱ ብዙ አያለፋም። ዌፕ የሚባለው የድሮ መቆለፊያ እ.ኤ.አ. በ2001 ተሰብሯል። ከምስጠራ ዘዴዎቹም ቲኪፕ ደካማ ከመሆኑ በላይ የዋይፋዩን ፍጥነት ወደ 54 ሜጋቢት ስለሚያወርደው ኤ ኢ ኤስን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደብልዩ ፒ ኤ 3 እንዲህ ያለውን የቤት ውስጥ ግመታ ስለሚያግድ፣ ራውተሩ ካለው እሱን አበራለሁ። አሮጌ ስልኮች ስለማያውቁት ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያጣመረውን መምረጥ ግድ ይላል፤ ያኔ የድሮው ቀዳዳ አብሮ ስለሚቆይ ረጅሙ ፓስወርድ አሁንም አይቀርም። የኔትወርኩን ስም መደበቅ በእኔ እምነት ከንቱ ድካም ነው።

ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን ደብልዩ ፒ ኤስን ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ። ፒኑ 8 አሃዝ ቢመስልም በሁለት ተከፍሎ ስለሚመረመርና የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ ስለሚሰላ፣ ለመስበር 11,000 ሙከራ ይበቃል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ነው።

ቢሮ ሲሆን አንድ ፓስወርድ ለሁሉ አይሆንም፤ የለቀቀ ሠራተኛ ይዞት ይሄዳል። እዚያ ኢንተርፕራይዝ የሚባለውን አስገብቼ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መግቢያ በራዲየስ ሰርቨር እሰጣለሁ። አደራ የምለው ግን አለ፦ ስልኩ ስለ ሰርተፍኬት ሲጠይቃችሁ «አታረጋግጥ» የሚለውን አትንኩ። እሱን ከነካችሁ፣ የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ለጥፎ ለሚጠብቅ ሐሰተኛ ራውተር መግቢያችሁን አሳልፋችሁ ልትሰጡ ትችላላችሁ።