ስለ መርከበኞቹ ፊልምና ስለ አስተማሪዪቱ

«ፎሎው ዘ ፍሊት» (መርከቦቹን ተከተል እንደ ማለት ነው) የተባለው የአሜሪካ ፊልም ለሕዝብ የታየው በ1928 ዓ.ም. በየካቲት ወር ነው። በዚያው ወር በአባቶቻችን ላይ በአምባ አራዶም የመድፍና የአውሮፕላን ቦምብ ይዘንብባቸው ነበር። ይህን ማንሣታችን ፊልሙን ለመክሰስ አይደለም፤ የጦር መርከብ የሣቅና የዘፈን መድረክ የሆነበት ዘመን ምን ዓይነት ዘመን እንደ ነበረ አንባቢ ልብ እንዲለው ነው እንጂ።

ፊልሙን ያዘጋጀው ማርክ ሳንድሪች ሲሆን ዘፈኖቹ የኢርቪንግ በርሊን ናቸው። ታሪኩ ሁበርት ኦስቦርን ከጻፈው የ1922 (እ.ኤ.አ.) ተውኔት የተወሰደ ነው። ቤክ የተባለው መርከበኛ (ፍሬድ አስቴር) ላግባሽ ቢላት እንቢ ካለችው የጭፈራ ጓደኛው ከሼሪ (ጂንጀር ሮጀርስ) ጋራ በሳን ፍራንሲስኮ እንደ ገና ይገናኛል። ሥራ ሊያስገኝላት ሲል ተወዳዳሪዋ መስላው ለራስዋ ለሼሪ መጠጥ ውስጥ ሶዳ ጨምሮ ዘፈንዋን ያበላሸበት ክፍል እጅግ ያስቃል።

የታሪኩ ክብደት ግን ያረፈው በእኅትዋ በኮኒ ላይ ነው። ኮኒ አስተማሪ ናት፤ ልብስዋና ጠጕርዋ እስኪለወጥ ድረስ ዘወር ብሎ ያያት የለም። ቢልጅ የተባለው መርከበኛ ወደዳት፤ የጋብቻ ነገር ስታነሣ ግን ከባልዋ ወደ ተፋታች ባለጠጋ ሴት ሸሸ። እርስዋ ግን ተበድራ የሟች አባትዋን መርከብ ለእርሱ ታሳድሳለች። በመጨረሻ ዕዳው በትርኢት ገንዘብ ይከፈላል፤ ቢልጅም መርከብና ሚስት ባንድነት ያገኛል። የፊልሙ ጕድለት ይህ ነው፤ የሴቲቱን ጥበቃ ሲዘረዝር ቆይቶ የሰውዬውን ሒሳብ በችኰላ ይዘጋዋል።

በሰፈራችን በዘነበወርቅ ከጎረቤት ወጣቶች ጋራ ስንመለከተው የሁላችንም ልብ ወደ ኮኒ ሄደ። ባሕር ባናይም፣ ዓረብ አገር ሄዶ ደብዳቤውን ያቋረጠ ሰው የሚጠበቅበት ቤት ብዙ ነው። ደግሞስ ባሕሩ መቼ እንግዳችን ነበረ? እስከ 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ነበረን፤ «ኢትዮጵያ» የተባለች መርከብም ነበረችን። ከደጋ ወርዶ መርከበኛ የሆነውን ወጣትና አገር ቤት የቀረችውን እጮኛውን እንዲህ በሣቅ የሚነግረን ደራሲ ብናገኝ እንዴት በወደድን!

ስለ መጨረሻው ጭፈራ ሳንናገር አናልፍም። አስቴር በቁማር የከሰረና ሽጕጥ የጨበጠ ሰው ሆኖ ይታያል፤ ሮጀርስ ከግንብ ጫፍ ልትወድቅ ቆማለች። ይይዛታል፤ ሽጕጡንም ይወረውራል፤ ይጨፍራሉ። ፊልሙ ኀዘንን በእውነት የነካው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ልብስዋ በዶቃ የከበደ ስለ ነበረ እጅጌው የአስቴርን ፊት መታው ይባላል፤ ደጋግመው ቢያነሡትም የተመረጠው የመጀመሪያው ሆነ።