የግቢ ባሕር ዳርቻ የሚመዘነው በነሐሴ ነው

በጥር ወር የማያምር የግቢ ባሕር ዳርቻ የለም። ፀሐዩ ደማቅ፣ አሸዋው ደረቅ፣ ጃንጥላው አዲስ ነው፤ ባለቤቱም እንግዳ እየጠራ ያሳያል። ሥራውን በእውነት ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ነሐሴ እኩሌታ ላይ ይምጣ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደውም በክረምት ነው። ያን ሁሉ ውሃ ተቀብሎ፣ ዝናቡ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ በባዶ እግር የሚያስኬድ ዳርቻ የባለሙያ እጅ አርፎበታል። ውሃ ያቆረ፣ አረንጓዴ ያወጣ፣ ጠርዙ ወደ ሣሩ የፈሰሰ ከሆነ ግን ምንም ያህል ገንዘብ ይውጣበት፣ አሸዋ ተደፋ እንጂ ዳርቻ ተሠራ አይባልም።

ነገሩን እንደ ቅንጦት ብቻ የሚያየው ብዙ ነው። እኔ አይመስለኝም። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ምጽዋ ወርዶ መዋኘት የወላጆቻችን ትዝታ ሆኖ ቀርቷል። ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ለመውረድ ደግሞ መኪናም፣ ጊዜም፣ ጤናም ይጠይቃል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት ለብ ባለ አሸዋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ የልጅ ልጆቻቸው ከፊታቸው ጉድጓድ ሲቆፍሩ የሚያዩበት 30 ካሬ ሜትር ቦታ፣ ግቢው ለሚፈቅድለት ቤተሰብ ከሁለተኛ ሳሎን ይበልጣል። ስለዚህም ነው ከተሠራ በደንብ ይሠራ የምለው።

መጀመሪያ የማየው አሸዋውን ነው። የፍሬው መጠን ከሩብ ሚሊ ሜትር እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን እመርጣለሁ። ከዚያ ከደቀቀ ነፋስ ያነሣውና ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ከጎላ እግር ይወጋል። ዋናው ጣጣ ግን ደለል ነው። የኢትዮጵያ ደረጃ ለኮንክሪት በሚውል አሸዋ ውስጥ የደለሉ መጠን ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ ከበለጠ ይታጠባል ወይም ይመለሳል። ለዳርቻ 6 በመቶም ብዙ ነው። እኔ ከ2 በመቶ በላይ የያዘውን አልቀበልም፤ ምክንያቱም ደለሉ ክረምት ላይ ይቦካል፣ በጋ ላይ እንደ ሊሾ ይደርቃል፣ ሲረገጥ ደግሞ ተፈርፍሮ አቧራ ይሆናል።

ይህን ለመለካት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። አሸዋው ከክምሩ ላይ ሳይሆን ከመሀሉና ከሥሩ ይዘገናል። ጠርሙሱ እስከ ግማሹ አሸዋ፣ ከዚያ በላይ እስከ ሦስት አራተኛው ውሃ ይሞላል፤ ደለሉ ቶሎ እንዲዘቅጥ ትንሽ ጨው ጣል ይደረግበታል። አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ተንጦ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቀመጣል። አሸዋው ወዲያው ይሰፍራል። ደለሉ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ በአሸዋው ላይ ለስላሳ ቡናማ ንጣፍ ሆኖ ይተኛል። 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ንጣፍ ከታየ 2 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከሆነ አሸዋው ለግንብ ይሁን፣ ለእግር አይሆንም። የሲኖ ሾፌር ሦስት ሰዓት ቆሞ ስለማይጠብቅ፣ ጥሩ ሠሪ ናሙናውን ቀድሞ ከመጫኛው ቦታ አምጥቶ ይፈትናል። መኪናው ሲመጣ ደግሞ አንድ እፍኝ አርሶ ይጨብጥና ይለቀዋል። መዳፉ ላይ ቡናማ ልቅላቂ ከቀረ ቢያጆው ሌላ ነው፤ አይራገፍም።

ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ አሸዋ የእሳተ ገሞራ ልጅ ስለሆነ ሌላም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀላሉ የፑሚስ ፍሬ በርሜል ውሃ ውስጥ ሲገባ ስለሚንሳፈፍ ተገፍፎ ይወጣል። የባልጩት ስብርባሪ ግን ይዘቅጣል፤ ይህ ድንጋይ በደቡብ ያሉ ቆዳ ፋቂዎች ለሥራቸው የሚገለገሉበት ስለታም ድንጋይ ነው፣ የሕፃን ተረከዝም አይምርም። በጥሩ ወንፊት ካልተነፋ በቀር የሚወጣበት መንገድ የለም። መንፋት ሲባል ደግሞ አሸዋውን ረጠብ አድርጎ ነው። የደረቅ አሸዋ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ሠራተኞቹን አቧራ ውስጥ አቁሞ የሚያስነፋ ኮንትራክተር ሌላው ሥራው ቢያምርም ከእኔ ምስጋና አያገኝም።

ቀለምም አለ። ጠቆር ያለ አሸዋ በእኩለ ቀን እግር ያቃጥላል። አንዳንዶች ይህን ሲሸሹ የተፈጨ እብነ በረድ ያስነጥፋሉ፤ ፎቶ ላይ ያምራል። ነገር ግን ፍሬው ማዕዘናማ ስለሆነ ይቧጭራል፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጠንካራ ፀሐይ ጋር ተደምሮም ዓይን ያጭበረብራል። ገለባማ ወይም ፈካ ያለ ቡናማ ቀለም ያለው፣ ውሃ ያንከባለለው ክብ ፍሬ ይሻላል። አሸዋው ከየት እንደመጣም ይጠየቅ። ከሐይቅ ዳር በሌሊት ተዝቆ የመጣ ከሆነ፣ የሕዝብን ዳርቻ አፍርሶ የአንድን ሰው ዳርቻ መሥራት ነውና በእኔ ሚዛን ያ ሥራ ገና ሳይጀመር ወድቋል።

ከዚያ በእጅ መቆፈር ነው። ባለቤቱ ቅር እንዳይለው ፈቃድ ይጠየቅና፣ አንድ ጥግ ላይ ክንድ እስኪገባ ይቆፈራል። ዓለም አቀፉ የመረብ ኳስ ፌዴሬሽን ለባሕር ዳርቻ ውድድር የአሸዋው ጥልቀት ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል። ለቤት 30ም ይበቃል ይሉ ይሆናል፤ ልጆች ግን ይቆፍራሉ፣ ሲቆፍሩ ጠጠር ማግኘት የለባቸውም፣ ስለዚህ እኔም ከ40 አልወርድም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 30 ካሬ ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር 12 ሜትር ኩብ ነው፣ ክብደቱም ወደ 19 ቶን ይጠጋል። ውሉ ላይ «አንድ ቢያጆ አሸዋ» ብቻ ተጽፎ ሜትር ኩቡ ካልተጻፈ፣ ጉድለቱ የሚታየው ወደ ኋላ ነው።

ከአሸዋው ሥር የሚገኘው ነገር የሠሪውን ማንነት ይናገራል። ውሃ የሚያሳልፍ ጂኦቴክስታይል ጨርቅ ከተገኘ፣ ከሥሩ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር፣ ከጠጠሩም ውስጥ ወደ ዲቹ ያዘነበለ የተበሳሳ ቱቦ ካለ፣ ሰውየው ሥራውን ያውቃል። በጨርቁ ፋንታ ፕላስቲክ ሸራ ከተገኘ ግን ከሥሩ ያለውን ማየት አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ክረምት ገንዳ ያደርገዋል። እንደ ቦሌ አካባቢ ጥቁር የመረሬ አፈር ባለበት ቦታ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። መረሬ ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃም አያሳልፍም። ተቆርጦ ወጥቶ ገረገንቲ ካልተሞላና በደንብ ካልተጠቀጠቀ በቀር ጠርዙ በሁለት ዓመት ውስጥ ይነቃነቃል። ክረምት እስኪመጣ መጠበቅ የማይችል ሰው 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ አንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ያፍስበት። ጥሩ ሥራ ወዲያው ይጠጣዋል።

ያየሁት ሰው ሁሉ ጠርዙን ይንቀዋል፤ እኔ ግን ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ነው ባይ ነኝ። ጠላቱ ሰርዶ ነው። ሰርዶ ከሣሩ ሜዳ በሥር ተስቦ ይገባና በአንድ ክረምት አሸዋውን ይወርሰዋል፤ ቢነቅሉት ይበጠሳል፣ የቀረው ቁራጭ እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ በአሸዋውና በሣሩ መካከል ወደ መሬት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ድብቅ ግንብ መኖር አለበት። የላይኛው አፉ ከአሸዋው ጥቂት ከፍ ይላል፣ ልጅ እንዳይመታው ግን ይከረከማል።

ገንዳ ካለ ዳርቻው በደረጃ ሳይሆን ቀስ ብሎ ወደ ውሃው መውረድ አለበት፤ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ8 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ቁልቁለት ለሕፃንም ለሽማግሌም ይመቻል። ልቅ አሸዋ ውሃው ውስጥ እንዲገባ መፍቀድ ግን ፓምፑንና ማጣሪያውን መግደል ነው። ባለሙያ አሸዋውን ከውሃው ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያቆመዋል፤ መካከሉን አሸዋ መሳይ፣ የማያንሸራትት ወለል ይሠራበታል፣ እግር ማስታጠቢያም ያኖርበታል።

ስለ ተክል ብዙ አልልም። ኮኮናት ደጋ ላይ አይሆንም፤ ዘንባባና ኮባ ይበቃሉ፣ ውሃው ዳር ደንገል ቢተከል ያምራል። ባሕር ዛፍ አጠገብ ዳርቻ የሠራ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ሲለቅም ይኖራል።

ጤናው ላይ ግን አላልፍም። ድመት አሸዋ ትወዳለች፣ ኩሷም በሽታ ያመጣል፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ሙጀሌም ደረቅና አቧራማ አፈር ውስጥ ይራባል፣ በውሻና በሌሎች እንስሳትም ይዛመታል። ስለዚህ ማታ ማታ የሚከደን ሸራ፣ በየሳምንቱ የሚጎተት ሬክ፣ ዶሮና ውሻ የማያስገባ አጥር የዳርቻው አካል ናቸው። እነዚህን በውሉ ውስጥ ያላካተተ ሠሪ ሥራውን በግማሽ ነው የሸጠው።

ግቢው የኪራይ ከሆነ ወይም ቦታው ጠባብ ከሆነም ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ፓሪስ በ2002 እ.ኤ.አ. የሴን ወንዝ ዳር መንገድ ላይ አሸዋ አንጥፋ የበጋ ዳርቻ ስትጀምር፣ ወቅቱ ሲያልፍ ሁሉም እንዲነሣ አድርጋ ነበር። በእንጨት ፍሬም ተይዞ ሰኔ ሲገባ በከረጢት የሚሰበሰብ 6 ካሬ ሜትር አሸዋ፣ በመጥፎ ከተሠራ ሰፊ ዳርቻ በብዙ ይሻላል።

ለምታሠሩ ሁሉ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ የመጨረሻውን ክፍያ ሥራው ሲያልቅ አትክፈሉ። ውሉ ላይ ክረምቱን አልፎ በመስከረም የሚከፈል ብላችሁ አስጽፉ። ሥራውን የሚያምን ባለሙያ ይፈርማል።